የእታለም ፊት

ፀጉር አስተካካይ የሰው ፊት ሲያይ ይውላል ብሎ የሚያስብ ሰው ፀጉር ቤት ቆሞ ሠርቶ አያውቅም። አስተካካዩ ፊት ለፊቱ ያለው ማጅራት ነው፣ ጆሮ ነው፣ የሳሳ አናት ነው። ፊቱ ያለው መስታወት ውስጥ ነው። ደንበኛው ሲስቅ የሚስቀው ለመስታወቱ ነው። «ከጎን ትንሽ ቀንስልኝ» ሲልም የሚያዘው መስታወቱን ነው። አስተካካዩም ቀና ብሎ «እሺ» የሚለው እዚያው መስታወት ውስጥ ላለው ሰውዬ ነው። እንዲህ እየተባለ ስንት ዘመን ይኖራል፤ የተለመደ ነገር ደግሞ ግራ መሆኑ ይረሳል።

ጋሽ ምላጭ በዚህ ሥራ ላይ ሸብቷል። ምላጭ ብለው ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ፂም ሲላጭ እጁ ስለማይሰማ እንጂ ምላሱ ስለት ኖሮት አይደለም። ምላሱማ ከደነዘ ቆይቷል። ሰው ሲሰድበው ነገ ይመልስለታል፤ ሰው ሲያመሰግነው ደግሞ ጭራሽ መልስ የለውም።

ከሱ ወንበር ቀጥሎ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የእታለም ወንበር ነበር። እታለም የሴቶችና የልጆች ፀጉር ትሠራለች። ትልቁም ትንሹም እታለም ይላታል፤ ከእሷ የሚበልጡ አሮጊቶች እንኳ እታለም ይሏታል። ባሏ የሞተው ልጇ ገና በእግሯ ሳትሄድ ነው። ያቺ ልጅ እዚያው ፀጉር ቤት፣ ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የቤት ሥራዋን እየሠራች አደገች። እታለም ግራኝ ነበረች፤ መቀሱን በግራ እጇ ይዛ ስትሠራ አዲስ ደንበኛ ጆሮውን ይሰበስባል። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበረቻት፤ አንደኛው ቅንድቧ ደግሞ ከሌላው ትንሽ ከፍ ስለሚል ዝም ባለች ቁጥር የምታሾፍ ትመስላለች። አብዛኛውን ጊዜ ታሾፋለችም።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋውን አንድ መስታወት እያዩ ኖሩ። ወሬያቸው ሁሉ በመስታወቱ ነበር። እሷ ከደንበኛ ጀርባ አፏን አጣማ ስታስቀው፣ እሱ የደንበኛውን ጉሮሮ እንዳይቆርጥ ምላጩን አንስቶ ሳቁን እስኪጨርስ ይቆማል። ምሳ የሚበሉት እንኳ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነው፤ ወንበሮቹም ፊታቸው ወደ መስታወቱ ነው።

ይወዳት ነበር። ነገሩን ማድበስበስ ምን ይጠቅማል? ከሰውነቷ አንስቶ እስከ ሳሏ ድረስ ይወዳት ነበር። መስታወት ውስጥ ሲሆን ዓይኗን ትክ ብሎ ያያል፣ ይቀልዳል፣ ይደፍራል። ከመስታወቱ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ማታ ሲዘጉ እሱ ፀጉር እየጠረገ ወለሉን ያያል፤ እሷ ሽርጧን ሰቅላ ስትወጣ «ደህና እደሪ» የሚለው ለጀርባዋ ነው። መንገድ ላይ ከተገናኙ ጫማዋን ያያል። የጫማዋን ክር አስተሳሰር ከማንም በላይ ያውቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳሳ። የእህቱ ልጅ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለሱ ሰጥቶት ነበርና ጋሽ ምላጭ ካሜራውን እየነካካ ይማራል። እታለም አንዲት ልጅ ሠርታ ሸኝታለች፤ መቀሱ ገና ከእጇ አልወረደም። ድንገት ወንበሯን አሽከረከረችና መስታወቱን ከጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ምላጩ» አለችው። «እስቲ ዞር በል። አንድ ነገር ልንገርህ።»

ዞረ። ፊቷ በቀጥታ ፊቱ ላይ ነበር። ጋሽ ምላጭ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው፤ ጫማዋ እንኳ ወንበሩ መርገጫ ላይ ወጥቶ ተደብቆበታል። እጁ ላይ የነበረውን ስልክ ብድግ አደረገና ፊቱን ከለለ።

«ቆይ፣ እንዲሁ እንዳለሽ» አለ። ስልኩ ቀጭ አለ።

«አውርደዋ ስልኩን» አለች እታለም፣ በሳቅና በቁጣ መካከል ሆና።

ያን ጊዜ ሹፌሩ በሩን በርግዶ ገባ። ሹፌሩ ታክሲ የሚነዳ የቆየ ደንበኛቸው ነው፤ ወሬው ሁልጊዜ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። «ወረፋ የለም አይደል?» ብሎ የጋሽ ምላጭ ወንበር ላይ ተዘረጋ። እታለምም ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች።

«ምን ልትዪኝ ነበር?» አላት ጋሽ ምላጭ፣ በመስታወቱ።

«ግድ የለም። ሌላ ቀን» አለችው፣ በመስታወቱ።

ሌላ ቀን ሳይመጣ ሳሏ ባሰ። ሐኪም ቤት ገባች፣ ወጣች፣ ልጇ ከምትኖርበት ከተማ መጥታ ይዛት ሄደች። ጋሽ ምላጭ በስልክ «እንዴት ነሽ?» ይላታል፤ «ደህና ነኝ፣ ወንበሬን ለሰው እንዳትሰጥ» ትለዋለች። ስልክ መስታወት የለውም፤ ከዚያ በላይ የሚናገረው አላገኘም። ከዚያ የመጣው አስከሬኗ ነው።

ለቅሶው ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዘመድ ከፊት ነው፣ ጎረቤት ከመሃል ነው፤ የሥራ ባልደረባ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። አልጋ ላይ ሆና ስታለቅስ የነበረችው የእታለም ልጅ ሊያጽናናት ሲጠጋ እጇን ሰጠችውና ወዲያው ፊቷን አዞረች። ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሰፋ። የእታለምን ወንበር ሌላ ሠራተኛ ሊከራየው ቢጠይቅ እንቢ አለ። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ፀጉር የማያርፍበት ወንበር አቧራ ብቻ ነው የሚይዘው። አንዳንዴ በለመደ አፉ፣ «እታለም፣ ውጪ አካፋ መሰለኝ» ይልና መስታወቱን ቀና ብሎ ያያል። መስታወቱ ውስጥ ባዶ ወንበርና መስኮት አለ። ከፊቱ የተቀመጠው ደንበኛ ያልሰማ ለመምሰል ዓይኑን ይጨፍናል። ምሳውን ቆሞ መብላት ጀመረ።

ሲብስበት ያቺን ፎቶ ከስልኩ አወጣ። አንዴ አያትና ደነገጠ። እታለምን አትመስልም። ያቺ ምልክት ወደማይሆን ጉንጭ ተሻግራለች፤ ፀጉሯ የሚከፈለው በማይከፈልበት በኩል ነው፤ የሚያሾፈው ቅንድብ ያኛው ሳይሆን ይኸኛው ሆኗል። እህቷ ናት ቢሉት ያምናል፤ እሷ ናት ቢሉት ግን አያምንም። የቀረችው አንዲት ፎቶ ይህች ስለነበረች ስልኩን ኪሱ ከትቶ መጸዳጃ ቤት ገባና አለቀሰ።

ወራት እንዳለፉ ልጅቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ የእማዬን ሐውልት እያሠራን ነው» አለችው። ድምጿ እንደ መሥሪያ ቤት ድምፅ ነበር። «ፎቶ መነሳት የምትወድ ሴት አልነበረችም፤ ታውቃታለህ። ካሜራ ስታይ እጇን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ያለን የወጣትነቷ ብቻ ነው። አንተ ጋ አንድ እንዳለ አውቃለሁ።»

ከየት እንዳወቀች አልጠየቃትም። ከእታለም ወገን አንድ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አለኝ» አላት። «ነገ እልክልሻለሁ። ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለው።»

የሚስተካከለውን ነገር እንዴት እንደሚያስተካክል ግን አያውቅም ነበር። መፍትሔው ከሹፌሩ አፍ መጣ። በማግስቱ ጠዋት አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ስልክ ያወራል።

«ስልክ እኮ ሰው ይገለብጣል፣ ጋሽ ምላጭ። እኔ ራሴን ሳነሳ ይቺ ጠባሳዬ ወዲያ ማዶ ትሻገራለች። ልጄ ናት ያሳየችኝ፤ ምንም ነገር ስልክህ ላይ መጫን የለም፣ ኢንተርኔቱን ከፍተህ ፎቶ መገልበጫ ብለህ መጻፍ ነው። ገጹ ይመጣልሃል። ፎቶህን ትሰጠዋለህ፣ አንድ ነገር ትነካለህ፣ አለቀ።»

ጋሽ ምላጭ ምላጩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ለካ ስልኩ ነው እታለምን ያበላሻት። ሹፌሩ የሚያወራው ሰው ራሱን በፊተኛው ካሜራ ሲያነሳ ስለሚሆነው ነገር ነበር፤ እሱ እታለምን ያነሳት ደግሞ በጀርባው ካሜራ ነው፣ ያኛው ማንንም አይገለብጥም። ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ቢነግሩትም በዓይኑ ካየው በላይ አያምንም ነበር፤ ነገር በዓይን ይገባል።

በምሳ ሰዓት በሩን ዘጋ። መነጽሩን አደረገ። ሹፌሩ እንዳለው ጻፈ፤ አንድ ነጭ ገጽ መጣለት፤ ፎቶ አምጣ አለው። እታለምን ሰጠው። ከሥሯ ሁለት ምልክቶች ወጡ፤ ሁለቱም ላይ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች በመሃላቸው መስመር ይዘው ተፋጠዋል፣ አንደኛው ላይ ጎን ለጎን፣ ሌላኛው ላይ ላይና ታች። የቱ የቱ እንደሆነ ስላላወቀ የቀረበውን ነካ። እታለም በአናቷ ተተከለች።

«ውይ፣ ይቅር በይኝ» አላት፣ ጮክ ብሎ። ቢሰማት ኖሮ እስከ ማታ ትስቅበት ነበር።

መልሶ ነካው፤ ተነሳች። ሌላኛውን ነካ።

መጣች። እንዲያው መጣች ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ምልክቷ ቦታዋ ገባች፣ ፀጉሯ በለመደው በኩል ተከፈለ፣ ያ ቅንድብ ተነስቶ አሾፈበት። መቀሱም በግራ በኩል ሆነ። ስንት ዘመን አጠገቡ የቆመችው ሴት እሱን እያየች ነበር። ጋሽ ምላጭ መነጽሩን አውልቆ ሽርጡ ላይ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ መልሶ አወለቀው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ወደታች የሚያመለክተውን ቀስት ነክቶ ስልኩ ላይ አስቀራትና ለልጅቷ ላካት። «ይኸው እናትሽ» ብሎ ጻፈላት። «አመሰግናለሁ ጋሼ» የሚል መልስ መጣለት። ያን ዕለት ምሳውን ተቀምጦ በላ።

ሐውልቱ የተመረቀ ቀን ካፖርቱን አስተኩሶ ሄደ። ልጅቷ፣ የእታለም ታላቅ እህት፣ የእህቷ ልጆችና ጥቂት ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሐውልቱ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ደረቱ ላይ የእታለም ፎቶ በሸክላ ታትሞ ተለጥፏል። ጨርቁ ሲገለጥ ጋሽ ምላጭ ፈገግ አለ፤ ቆንጆ ሆና ወጥታለች።

ሌላ ሰው ግን ፈገግ አላለም። ታላቅ እህቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ እንደገና ጠጋ አሉ።

«እቺ እህቴ ናት?» አሉ። «እህቴን ትመስላለች፣ ግን እህቴ አይደለችም። ማርያም የሳመቻት በዚህኛው ጉንጯ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ ደህና አድርጌ አላየሁትም» አለች። «ማየት አልቻልኩም። እንደመጣልኝ ለፎቶ ቤቱ አሳለፍኩት።»

«ማነው የሰጠሽ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ምላጭ ከኋላ ወደፊት ወጣ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምን ሆነ? ራሷ እኮ ናት።»

«እህቴ ግራኝ አልነበረችም?»

«ናት እንጂ! ስንት ዓመት አጠገቧ ቆሜ። ይኸው፣ መቀሱ በግራ ነው» አለና የፎቶውን የግራ ጠርዝ በጣቱ ነካ።

«እሱ ያንተ ግራ ነው፣ የኔ ልጅ፣ የሷ አይደለም። ና እስቲ እንደሷ ቁም። ጀርባህን ለድንጋዩ ስጥና ወደኛ ዙር።»

ዞረ። ጀርባውን ለሐውልቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ለሰዎቹ ሰጥቶ፣ መቀስ እንደያዘ ሰው ግራ እጁን አነሳ። ከዚያ በትከሻው ላይ ዘወር ብሎ ፎቶውን አየ። የፎቶዋ መቀስ በወዲያኛው በኩል ነበር። እታለም መቀሱን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው። እጁን ማውረድ ረስቶ እንደተሰቀለ ቀረ።

«እኔ ነኝ የገለበጥኳት» አለ በመጨረሻ። «ስልኩ ያበላሻት መስሎኝ ነው። እንዲህ ስትሆን ነው እሷን የመሰለችኝ።»

«የሟች ፊት ይነካካል እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስል ነበር፤ ካልነካት ደህና የነበረችውን ሴት በገዛ እጁ አጣት።

«ያልተነካው አለህ?» አለችው ልጅቷ።

ከስልኩ ፈልጎ ሰጣት። ልጅቷ አየችውና ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ» አለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ታላቅ እህቷ የስልኩን መስታወት ሳሙት። ጎረቤቶቹ «ራሷ ናት፣ ወይ እታለም፣ ራሷ» ይላሉ። ጋሽ ምላጭ በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። አሁንም ያቺው የማያውቃት ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እታለምን የማያውቃት እሱ ብቻ ሆነ። ስልኩ ሲመለስለት ለማንም ሳይናገር በእግሩ ወደ ከተማ ወረደ።

ለሳምንታት ማንም አልፈለገውም። እሱም መስታወቱን እንደ ድሮው ማየት አቃተው፤ የደንበኛውን ማጅራት ብቻ እያየ ይሠራል። ሹፌሩ እንኳ ወሬ ቀንሶለት ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ገና ደንበኛ ሳይገባ፣ ልጅቷ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ይዛለች። ሰላም አለችውና የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ምላጭ ከራሱ ወንበር ጀርባ ቆመ፤ ሌላ የሚቆምበት ቦታ አያውቅም።

«ሐውልቱ ላይ ሌላ ተለጠፈ» አለችው። «ፎቶ ቤቱ በትልቁም አትሞልኛል። አንዱን ላንተ አመጣሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አንተ የምታናግረው መስታወቱን ነው እኮ» አለች።

ቀና አለ። እውነቷን ነው፤ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ እሱ መስታወት ውስጥ ላለችው ልጅ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ልጅቷ ትንሹን ጥቅል ፈታች፤ ከሐውልቱ የተነሳው ሸክላ ነበር። አየችው፣ መስታወቱን አየች፣ ጋሽ ምላጭን አየች።

«እማዬን ዞረህ አይተሃት አታውቅም» አለች። ጥያቄ አልነበረም። «በዚህ መስታወት ብቻ ነው የምታውቃት። ለዚህ ነው።»

ጋሽ ምላጭ አንገቱን ደፋ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እሱ ግን ንቋት አልነበረም፤ ፈርቷት ነበር። «አንድ ቀን ዞሬ ነበር» አለ። «ይቺን ፎቶ ያነሳኋት ቀን። ዞር በል፣ አንድ ነገር ልንገርህ አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝና ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ ሰው ገባ።»

ልጅቷ ሸክላውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ነግራህ እንቢ ያልካት መስሎኝ ነበር» አለች። «ለዚያ ነው ለቅሶ ላይ ፊቴን ያዞርኩብህ። ቂም ይዤብህ ነበር፣ ጋሼ።»

«ምን ብላኝ?»

«ያን ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ዛሬ ልነግረው ነው አለችኝ። ከሱ አፍማ አይወጣም፣ እሱ እስኪናገር እኔ እሞታለሁ አለችኝ። ዕድሜ ልካችንን በመስታወት ስናወራ ኖርን፣ ዛሬ ዞሬ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ አንድ ቤት እንሁን እለዋለሁ አለችኝ። ማታ ደወልኩላት። ነገርሽው? አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ፎቶ አነሳኝ አለችኝ። አለችኝና ሳቀች። ሌላ አልጨመረችም።»

ጋሽ ምላጭ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ልጅቷ ተነሳችና ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው፤ ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን ሲያይላት እንደምትስመው። ሸክላውን እጁ ላይ አኖረችለት። «ይቺን ማንም አይፈልጋትም። አንተ የምታውቃት እሷን ስለሆነ ውሰዳት» አለችው። ትልቁን ፎቶ አግዳሚው ወንበር ላይ አስደግፋ፣ ዣንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ሸክላውን የእታለም መቀስ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ትልቁን ፎቶ ምስማር ፈልጎ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ከአግዳሚው በላይ፣ ሰቀለው። ከዚያ እንደ ልማዱ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ መስታወቱን አየ። እታለም እዚያ ነበረች። መስታወቱ በራሱ ጊዜ ገልብጧታል፤ ምልክቷ ቦታዋ ነች፣ መቀሱ በግራ በኩል ነው፣ ቅንድቧ ያሾፋል። ማንንም ሳያስቸግር፣ የማንንም ድንጋይ ሳያበላሽ፣ እስኪሞት ድረስ እንዲህ ሊያያት ይችላል። ሰውም ቢገባ ትክክለኛዋን ነው የሚያየው።

ለደንበኛ የምትገለበጠውን የበሩን ማስታወቂያ «ዝግ ነው» ወደሚለው አዞራት። የእታለምን ወንበር ይዞ አሽከረከረው፤ ከዞረ ስለቆየ ጮኸ። መስታወቱን ከጀርባው አድርጎ ተቀመጠ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጆቹ ባዶ ናቸው።

ያቺ የማያውቃት ሴት ከግድግዳው ላይ ታየዋለች። ዓይኑ ወደ ጫማው ሊወርድ ሲል መለሰው። እንደገና ወረደ፤ እንደገና መለሰው። ቆይቶ ጉንጯን ለመደው፣ ቆይቶ ቅንድቧን። ከዚያ ስንት ጊዜ ስልኩ ላይ አይቶት ያላየውን ነገር አየ። እታለም ካሜራውን አታይም ነበር። ዓይኖቿ ከካሜራው ከፍ ብለው፣ ከስልኩ በላይ የቀረውን የሱን ዓይን ይፈልጋሉ። አፏ ለመናገር ትንሽ ተከፍቷል።

«እሺ» አላት።